ጎባጣው ሳጥን

ኮምፒውተሩ ወደ ጥገና ሱቄ የመጣው በነጭ ጋዋን ተጠቅልሎ ነው። ያመጣችው ሴት ቀዶ ጥገና በሚሠራበት አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ጋዋኑን ጠረጴዛዬ ላይ ስትፈታው የመስታወት ስባሪና የኖራ ብናኝ ረገፈ። ኮምፒውተሩ ቀጭን ነው፤ ውፍረቱ ከአንድ የቢሮ መዝገብ አይበልጥም። በግራ ጎኑ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረው። በቀኝ በኩል ደግሞ ጥይቱ ሲወጣ ላሜራውን ወደ ውጭ ገልብጦ ቀዶታል።

«ከትናንት ወዲያ ነው» አለችኝ። «እኔ ከጠረጴዛው ሥር ተኝቼ ነበር። በመስኮት ገባ፣ በላዬ አለፈና እሱን መታው። እዚያው እንደተኛሁ ሲጨስ አየሁት።»

ደብረ ታቦር ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ሲተኮስ ሰንብቶ ነበር። እኔ ሦስቱን ቀን ያሳለፍኩት የጤፍ ጆንያ በር ላይ ደርድሬ፣ ከሚስቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ወለል ላይ ተጋድሜ ነው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ውሃ ልትቀዳ ብቅ ያለች ጎረቤታችን ከበራችን ሃያ እርምጃ ላይ ተመትታ ወደቀች። ሄዶ የሚያነሳት አልተገኘም፤ ጎረቤቷ የሆንኩት እኔም አልወጣሁም። ለረጅም ሰዓት ተጣራች፤ ከዚያ ዝም አለች። ልጆቼን ጆሯችሁን ያዙ አልኳቸው። የራሴን ግን አልያዝኩም። በአራተኛው ቀን ተኩሱ ቆመ፣ እሷን ቀበርን፣ ከቀብር መልስ ሱቄ ምን እንደሆነ ለማየት ስወርድ ነው ይቺ ሴት በሩ ላይ ቆማ ያገኘኋት።

«ጥይቱ ማሽኑን አልነካውም» አለች። ማሽን የምትለው ደም የሚቆጥረውን ነው። ከታካሚው የተወሰደው ደም ማሽኑ ውስጥ ይገባል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ቁጥሩን ያወጣል። ያለ ኮምፒውተሩ ማሽኑ ከቁም ሣጥን አይሻልም። «ከእብናት በኩል፣ ከጉና ሥር፣ በቃሬዛ የሚመጡ እናቶች አሉ። ደም የሚፈሳቸው አሉ። የተመቱ አሉ። ሐኪሙ ምን ያህል ደም እንደቀራቸው ይጠይቀኛል። እኔ የዓይናቸውን ቆብ ገልብጬ እያየሁ እገምታለሁ። ትናንት የገመትኩላት ሞተች።»

ይህን ስትናገር ድምጿ አልተለወጠም። አገሯ ደቡብ ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት መጥታ እዚሁ ሥራ ይዛ ቀረች። ስትናደድ አማርኛዋ ይፈጥናል፤ ስታዝን ግን ቃላቱን አንድ በአንድ ነው የምታስቀምጣቸው።

የኮምፒውተሩን ሳጥን፣ ኬዙን፣ ከፈትኩት። ጥይቱ ዋናውን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ መሐል ለመሐል በስቶት አልፏል። መረጃው ያለበት ሃርድ ዲስክ ግን በሁለት ጣት ርቀት ተርፏል። ኮምፒውተሩን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘው ካርድም አልተነካም። አዲስ ቦርድ ከባሕር ዳር እንዳላስመጣ መንገዱ ተዘግቷል፤ ስልክም አይሠራም። እኔ ጋ ያን ካርድ የሚቀበል አንድ ቦርድ ብቻ ነበረኝ፤ አንድ ትምህርት ቤት ከጣለው አሮጌ ኮምፒውተር የነቀልኩት። በኬዙ ላይ አስቀምጬ ለካሁት። በአራት ጣት ይሰፋል፤ ካርዱ ሲሰካበት ደግሞ ቁመቱም ያልፋል።

«ሌላ ትልቅ ኬዝ ውስጥ ቢያስገቡትስ?» አለች።

«ይሄ ኬዝ ማሽኑ ሆድ ውስጥ በሐዲድ ነው የሚገባው አይደል? ከኋላም ሶኬቱ ከማሽኑ ሶኬት ጋር መግጠም አለበት።»

«አዎ።»

«እንግዲያው ሌላ ኬዝ አይሆንም። ቦርዱ ይሠራል። ቤቱ ነው የጠበበው።»

«ታዲያ ቤቱን ያስፉታ!» አለችኝ፣ ሱሪ አስረዝምልኝ እንደምትል ሁሉ።

ላሜራ ለመቁረጥና ለማጠፍ የቆርቆሮ መቀስ፣ የሚይዝ ሞርሳ፣ የሚያጣብቅ ሪቬት ያስፈልጋል። በእኛ ሰፈር ይህ ሁሉ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ታላቅ ወንድሜ ነው። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ከተነጋገርን ሁለት ዓመት አልፎን ነበር።

ወንድሜ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን እሱን ይመታ ነበር፤ እሱ ደግሞ እኔን። ክንዱ ላይ ያለው ጠባሳ የአባታችን ነው፤ ጉልበቴ ላይ ያለው የእሱ ነው። አድጎ በያጅ ሆነ፤ በርና መስኮት፣ የጋሪ ሻንሲ ይሠራል። አባታችን የሞተ ጊዜ በአርባው ተዝካር ላይ፣ ካህናቱና ዘመድ ሁሉ በተቀመጡበት ዳስ ውስጥ፣ ወንድሜ ጣቱን ቀስሮብኝ፣ «ይሄ ነው አባቱን ሲታመም ጥሎ ባሕር ዳር የቀረው» አለ። እኔም ተነስቼ፣ «አንተ አይደለህም ወይ በንዴት የገደልከው?» አልኩት። የተቀመጠበትን በርጩማ አንስቶ አፌን መታኝ። ሁለት የላይ ጥርሶቼ እዚያው ረገፉ። እኔም አጠገቤ ያገኘሁትን ጠርሙስ ወረወርኩበት፤ ጆሮውን ተረተረው። ካህናቱ ሸማቸው ላይ ደም ተረጭቶ ነው የወጡት። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ሊያስታርቁን ቀጠሩን። ሁለቱንም ጊዜ እኔም አልሄድኩ፣ እሱም አልሄደ።

ከላብራቶሪ ባለሙያዋ ጋር ሆነን ስንደርስ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እኔን አላየኝም። የሚያየው እሷ የያዘችውን ነው።

«ምን ፈለጋችሁ?»

«ሞርሳና የቆርቆሮ መቀስ» አልኩ። «ሪቬትም።»

እሷ ነገሩን ሁሉ ከሥሩ አስረዳችው። ትናንት የሞተችውንም ነገረችው። እየሰማት ኬዙን ተቀብሎ ጣቱን በጥይቱ ቀዳዳ አሾልኮ በዚያኛው በኩል አወጣው።

«በስንት ይስፋ?» አለ። ዓይኑ አሁንም ኬዙ ላይ ነበር።

«በአራት ጣት። ወደ ላይም እንደዚሁ።»

በሁለት ዓመት ውስጥ የተነጋገርነው የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው።

መብራት የለም። በወንድሜ ጄኔሬተር ውስጥ የቀረችው ቤንዚን በመጨረሻ ኮምፒውተሩ መሥራቱን ለመሞከር ብቻ ነው የምትበቃው። ስለዚህ ሁሉንም በእጅ ሠራነው። ወንድሜ ኬዙን ሞርሳ ውስጥ አስገብቶ ጎኑን በመሮና በመዶሻ ፈነከተው። በመጀመሪያው ምት ባለሙያዋ ጭንቅላቷን ይዛ ቁጢጥ አለች። ከመንገዱ ማዶ ያሉ ሰዎችም በራቸውን ዘጉ። ምቱ ከተኩስ አይለይም ነበር። እሱ ግን አላቆመም። ዕድሜውን ሙሉ ብረት የሚመታው ብረቱ የበደለው ይመስል ነው፤ ጥርሱን ነክሶ፣ በአፍንጫው እየተነፈሰ፣ ላሜራው እስኪጮህ። እሷ ተረኛ ስለነበረች ብዙም ሳትቆይ ሄደች። እኛ ሁለታችን ቀረን።

ኬዙ ላይ ለሚጨመረው ጉብታ የሚሆን ላሜራ ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ቆረጥን። ቆርቆሮውን እኔ ይዤ እሱ ሲያጥፈው አመለጠኝና ጠርዙ መዳፌን ከአውራ ጣቴ ሥር እስከ አንጓዬ ሰነጠቀው። ደሙ ቦርዱ ላይ እንዳይንጠባጠብ እጄን ወደ ኋላ አሸሸሁ። ወንድሜ ያንገቱን ፎጣ ቀዶ እጄን ጠመዘዘና አጥብቆ አሰረው። ያመመኝ ቁስሉ ሳይሆን አስተሳሰሩ ነው።

«አጥብቀኸዋል» አልኩት።

«ይጥበቅ።»

ሥራውን ተመልሰን ያዝነው። እኔ በደህናው እጄ ላሜራውን ሞርሳው ላይ ጫንኩ፤ እሱ ይመታል። አንዴ መዶሻው ከጣቶቼ አጠገብ፣ ስንዴ የሚያህል ክፍተት ብቻ ትቶ አረፈ። ቀና ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ።

«አልሳትኩም» አለ። «መምታት ብፈልግ እመታህ ነበር።»

እንደማይዋሽ አውቃለሁ። እጄን ግን ከዚያ በኋላ ራቅ አድርጌ ነው የያዝኩት።

በማግስቱ ቦርዱን በብሎን እግሮች ላይ አቆምነው፣ ካርዱን ሰካሁ፣ ክዳኑን ወንድሜ ዙሪያውን በሪቬት ገጠመው። በብሎን እናድርገው ብዬው ነበር፤ «ሪቬት አይላላም» ብሎ እምቢ አለ። የማስነሻ ቁልፉን ጥይቱ ስለሰባበረው ሁለቱን ሽቦዎች፣ ቀዩንና ጥቁሩን፣ በጥይቱ ቀዳዳ ወደ ውጭ አውጥቼ ጫፋቸውን በናስትሮ ጠቀለልኩ። ሁለቱ ሲነካኩ ኮምፒውተሩ ይነሳል። ጄኔሬተሩን አስነስተን ሞከርነው። ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ ላይ ፊደል መጣ። ወንድሜ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ጄኔሬተሩን አጠፋው። ሳጥኑ ግን ሲያዩት ያስፈራ ነበር። ጀርባው ጎብጧል፣ ጎኑ ላይ የዘይቱ ጽሑፍ ግማሹ ይታያል፣ በቀዳዳው ሁለት ሽቦ ተንጠልጥሏል። እኛ ሁለት ቀን ስናየው ስለዋልን አስቀያሚነቱን እንጂ ሌላ ነገር መምሰሉን አላስተዋልንም።

«እኔ እሸከመዋለሁ» አለ ወንድሜ። «አንተ እጅህ ቆስሏል።»

ወደ ክሊኒኩ የሚወስደው መንገድ ላይ ኬላ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ይሆናል። ባጃጅ ስለማይሠራ ሰው ሁሉ በእግሩ ነው፤ ከገጠር ድንች የጫኑ አህዮችም ተሰልፈው ይፈተሹ ነበር። ኬላው ላይ የነበሩት ታጣቂዎች የማን ወገን እንደሆኑ አልጽፍም። በእነዚያ ወራት ኬላውን የሚይዘው ሰው ተቀያይሯል፤ እኔም የምጽፈው በዚያች ቀን ስላገኘኋቸው ስድስት ሰዎች ብቻ ነው። አለቃቸው ቀጭን፣ እንቅልፍ ካየ የሰነበተ የሚመስል፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነበር።

«አስቀምጠው!» አለ። ወንድሜ አስቀመጠው።

«ምንድን ነው?»

«ኮምፒውተር ነው፣ ጌታዬ» አልኩ። «የክሊኒክ ነው። ደም የሚቆጥር።»

«ኮምፒውተር አውቃለሁ። ይሄ ኮምፒውተር አይደለም።» በጠመንጃው አፈሙዝ ሽቦዎቹን ነካ አደረጋቸው። «ይሄስ?»

«ማስነሻው ነው።»

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ሰውየው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። የሌሎቹ ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማሁ። ተሰልፎ የነበረው ሰው አህያውን ትቶ ወደ መንገዱ ዳር ግንብ ተጠጋ።

«የምኑ ማስነሻ?»

«የኮምፒውተሩ! እንዲነሳ... እንዲበራ ማለቴ ነው።»

«ክፈተው።»

«በሪቬት የተዘጋ ነው። ያለ መሮ አይከፈትም።»

«ለምን ዘጋኸው?»

ወንድሜ፣ «እኔ ነኝ የዘጋሁት» አለ። ሰውየው ሁለታችንን ተራ በተራ አየን። ከዚያ ወንድሜን መሬት ላይ እንዲቀመጥና ሳጥኑን እንዲያቅፈው አዘዘው። ወንድሜ ተቀመጠ፤ እግሮቹን ዘርግቶ ሳጥኑን ደረቱ ላይ አቀፈው።

«አንተ ደግሞ ሽቦውን አገናኘው» አለኝ። «ኮምፒውተር ከሆነ ምን ያስፈራሃል?»

እሱና ሰዎቹ ከተከመረው ድንጋይ ጀርባ ጭቃው ላይ ተኙ። ጠመንጃቸው እኛ ላይ ተደግኗል። እኔ በወንድሜ ፊት ተንበረከክሁ። ናስትሮውን በጥርሴ ነው የላጥኩት፤ የቆሰለው እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ኤሌክትሪክ ያልተሰካበት ሽቦ ቢነካካ ምንም እንደማይሆን ሕፃን ልጄም ያውቃል። ስንት ዓመት የኖርኩበት ሙያ ነው። ግን እዚያ መሬት ላይ ተንበርክኬ ሳለሁ እርግጠኛ አልነበርኩም። እነዚያ ሁሉ ሰዎች ይፈነዳል ብለው ሲተኙ የእኔም ሰውነት አብሯቸው አመነ። ሱሪዬ ረጠበ። ወንድሜ አየው።

«አገናኘው እንጂ» አለኝ በቀስታ። «ምን ትጠብቃለህ?»

አገናኘሁት።

ምንም አልሆነም። አንዲት አህያ ጆሮዋን አራገፈች። ወንድሜ ያን ጊዜ ሳቀ። የንቀት ሳቅ አልነበረም፤ ታፍኖ ቆይቶ የወጣ ትንፋሽ ነው። ግን ጮክ ያለ ነበር። ከግንቡ ሥር አንዲት ሴትም አብራው ሳቀች። አለቃቸው ከጭቃው ተነሳ፤ ደረቱና አገጩ ጭቃ ነው። ሳቁን የሰማ ሁሉ እሱን ያያል።

እየሮጠ መጣ። የመጀመሪያው የሰደፍ ምት ወንድሜን ግራ ዓይኑ ላይ አገኘው። እርጥብ ግንድ በመጥረቢያ ሲመታ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ሳጥኑ ከእቅፉ ወጥቶ ተንከባለለ። ሁለት ሌሎች ደርሰው አንዱ ጎኑን በጫማው፣ አንዱ ጀርባውን በሰደፍ ያዙት። ወንድሜ አልጮኸም። ለመነሳት ሞከረ፣ አንዱን እግር ጨበጠ፣ እጁን ረገጡት። አራተኛው ሰው ሰደፉን ሳጥኑ ላይ ሲያነሳ አየሁት።

ዘልዬ ወደቅሁ። ሳጥኑ ላይ ነው የወደቅሁት።

አቅፌው ተጠቀለልኩ። የመጀመሪያው ምት ትከሻዬ ላይ፣ ሁለተኛው ወገቤ ላይ አረፈ፤ ሦስተኛው አጠገቤ መሬቱን መታ። ፊቴ ላሜራው ላይ ተለጥፎ ነበር፤ የወንድሜ እግር ይታየኝ ነበር። አንድ ጫማው ወልቋል። በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነው ያለው፤ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። በእሱ ላይ የሚያርፈውን እያንዳንዱን ምት ሰምቻለሁ። እጆቼ ግን ሳጥኑን አልለቀቁም። ያን ጊዜ ምን እያሰብኩ እንደነበር ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። በቃሬዛ ስለሚመጡት እናቶች አስቤ ነበር ብል ደስ ይለኛል። አላሰብኩም። ምንም አላሰብኩም።

ሲደክማቸው ተዉት። አለቃቸው በሰደፉ ላይ ያለውን ደም በወንድሜ ጃኬት ጠረገና፣ «ይዘህ ጥፋ!» አለኝ። የትኛውን እንደሆነ አልነገረኝም። ከግንቡ ሥር የነበሩ ሰዎች ወንድሜን በጋቢ አንስተው ተሸከሙት። እኔ ሳጥኑን ተሸክሜ ከኋላቸው ሄድኩ።

ክሊኒኩ ስንደርስ ሐኪሙ ወንድሜን አልጋ ላይ አስተኛው። የጎድን አጥንቶቹ ተሰብረዋል፤ ሆዱ ጠንክሯል፤ ልቡ ይሮጣል። ሐኪሙ የፈራው ውስጥ ለውስጥ እየደማ እንዳይሆን ነው። ባለሙያዋን፣ «ደሙን ቁጠሪልኝ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ድገሚው፤ እየወረደ እንደሆነ ልወቅ» አላት። እሷ እኔን አየችኝ።

ሳጥኑን በሐዲዱ ላይ ገፋሁት። የማሽኑን በርና የጎን ክዳን ስለነቀልን ጉብታው ወደ ውጭ ወጥቶ የቀረው ልክ ገባ፤ ሶኬቱም ገጠመ። ጄኔሬተራቸው ተነሳ። ሽቦዎቹን አነካካሁ። ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ሲወድቅ አንድ ነገር ተናግቷል ማለት ነው። ለማየት ደግሞ ክዳኑ መከፈት አለበት፤ ክዳኑ ወንድሜ በሪቬት የዘጋው ነው።

«ስንት ደቂቃ?» አለ ሐኪሙ በበሩ ብቅ ብሎ።

«አስር።»

መሮ አልነበረኝም። በካቻቢቴና ከግቢ ባነሳሁት ድንጋይ ሪቬቶቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። የወንድሜ ሥራ ጠንካራ ነው። አራተኛው ላይ ካቻቢቴው ተሰበረ። በፒንሳ ላሜራውን ይዤ ወደ ላይ ቀደድኩት፤ የመዳፌ ቁስል ተከፍቶ እጄ ያንሸራትተኝ ጀመር። በግድግዳው ማዶ ወንድሜ ሲያቃስት ይሰማኛል። ሐኪሙ ሁለተኛ መጣ፤ ሦስተኛ መጣ። በሦስተኛው፣ «ልጠብቅ አልችልም፤ ሆዱን እከፍተዋለሁ» አለ። ባለሙያዋ፣ «ሂድ፣ ቀዶ ጥገና ከመግባቱ በፊት ይይህ፤ ይፈልግህ ይሆናል» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ያለችኝ ያን ጊዜ ነው። አልሄድኩም። «ትንሽ ነው የቀረኝ» አልኳት።

ካርዱ ከመሰኪያው በፀጉር ያህል ተነስቶ፣ ከመሰኪያው ጥርሶችም ሁለቱ ታጥፈው አገኘኋቸው። በመርፌ አቀናኋቸው፤ እሷ ናት መርፌውን የሰጠችኝ። ስክሪኑ ላይ ፊደል ሲመጣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። የወንድሜ ሆድ ተከፍቶ፣ ታይቶ፣ ተሰፍቶ አልቋል። ውስጡ ምንም የሚደማ ነገር አልነበረም።

ጠዋት የተወሰደው የወንድሜ ደም በብልቃጥ ተቀምጦ ነበር። ማሽኑን ለመሞከር እሱንና ቀጥሎ የተወሰደውን አስገባች። ቁጥሮቹ ወጡ። አንዱ ከሌላው ብዙም አይለይም። እያነበበች፣ «አልወረደም» አለች። «ይሄን አይቶ ቢሆን ኖሮ አይከፍተውም ነበር።»

ለእኔ ብላ አይደለም የተናገረችው፤ ከአፏ አመለጣት። በሁለት እጄ ገፈተርኳት። ጀርባዋ ማቀዝቀዣውን መታ፤ ስትወድቅም አፏ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደሙ ጋዋኗ ላይ ወረደ። በላይዋ ቆሜ እጄ እንደገና ተነስቶ ነበር። ይህን ዛሬ ስጽፈው እንኳ እጄን ከወረቀቱ ላይ ማንሳት ያምረኛል። ያ የኬላው አለቃ በወንድሜ ላይ ሲቆም ምን ዓይነት ፊት እንደነበረው አይቻለሁ፤ የእኔን ግን ያየችው እሷ ብቻ ናት።

ተነሳች። ከንፈሯን በጥጥ ጠረገች። በሩን ከፍታ፣ «የሚቀጥለው» ብላ ተጣራች። ከጉና ሥር በቃሬዛ የመጣች፣ መንታ ወልዳ ደሟ ያልቆመ ሴት ተሸክመው አስገቡ። እኔ በግድግዳው ተጠግቼ ወጣሁ። ያቺ ሴት ደም ተሰጥቷት ተርፋለች፤ ይህን ያወቅሁት ከሌላ ሰው ነው።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። ከበሩ ላይ ሆና ሰማችኝ።

«ይቅር ብያለሁ» አለች። «ግን እጅህን አይቼዋለሁ። ከእንግዲህ የምታናግረኝ ከበሩ ውጭ ሆነህ ነው።»

ኮምፒውተሩ ከዚያ ወዲህ በተበላሸ ቁጥር እሷ ክፍሉን ለቃ ትወጣለች፣ እኔ እሠራለሁ፣ ስወጣ ትገባለች። አንድ ቀን እንኳ ደንቧን አልጣሰችም።

ወንድሜ በሦስተኛው ቀን ነው በደንብ የነቃው። ግራ ዓይኑን አውጥተውለታል። ከደረቱ እስከ እምብርቱ ድረስ ተሰፍቷል።

«ሠራ?» አለኝ።

«ሠራ።»

ቀኙን ዓይኑን ጨፈነ። ስለ ሆዱ እኔ አልነገርኩትም፤ ሐኪሙ ነው የነገረው። ሲሰማ፣ «ክዳኑን በብሎን ብንዘጋው ይደርስ ነበር ማለት ነው» አለ።

ወደ ሥራው ተመልሷል። ለብየዳ መነጽር አንድ ዓይን ይበቃል ይላል፤ ግን የሚሠራቸው በሮች ትንሽ ይጣመማሉ፤ ደንበኞቹም እያዩ ዝም ይላሉ። አሁን እንነጋገራለን፣ አብረን እንበላለን። ስለዚያች ቀን ግን ለረጅም ጊዜ አንስተን አናውቅም ነበር። በጾሙ ወቅት አንድ ቀን ቤቱ ሽሮ ስንበላ ጉርሻውን ሳይውጥ ቆየና፣

«ያን ቀን ሳጥኑ ላይ ነው የወደቅኸው» አለኝ።

«አዎ።»

«እኔ ላይ ለምን አልወደቅህም?»

ለዚህ ጥያቄ ያዘጋጀኋቸው ብዙ መልሶች ነበሩኝ።

«አላውቅም» አልኩት።

ጉርሻውን ዋጠ። «እኔ ብሆን ምን አደርግ እንደነበር አስቤ ነበር» አለ።

«ምን ታደርግ ነበር?»

«ጠመንጃውን እይዘው ነበር። ሁለታችንንም ይገድሉን ነበር።»

ውሃ ቀዳልኝ። ከበላን በኋላ ጋሪ ላይ የሚጫን የብረት በር ነበረው፤ ለብቻው ስለከበደው በአንዱ ጫፍ እኔ ያዝኩለት። «በግራዬ በኩል አይታየኝም፤ አንተ ምራ» አለኝ። ወደ ኋላ እየሄድኩ መራሁት።